ሁለት ጣት ሽሮፕ

አንድ ሰዓት ጠብቂ ብሎኛል፣ የቡታጅራ ስልክ ቤት ሠራተኛው አቶ አዳነ። ሰው ልኬ እህትሽን አስጠራልሻለሁ፣ አንቺ ብቻ መስመሩን መልሰሽ አስይዢ አለኝና ዘጋው። አስያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ይኸው አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣራ አያለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የሕፃናት ክፍል ቆሜ አድሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ሁለት ካልሲ ደርቤያለሁ፣ ነዳጅ ጠፋ ብለው ማሞቂያውን ስለቀነሱት ካፖርቴንም ከብርድ ልብሱ በላይ ጥዬዋለሁ፣ እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ። እዚህ ጀርመን አገር ገና ጧት ነው። ቡታጅራ ቀኑ ሊጋመስ ነው፤ አረፋ ነው፣ ሰላቱ አልቋል፣ በጉ ታርዷል፣ የእህቴ የሃሊማ ቤት ከአዲስ አበባ በገባ ዘመድ ጢም ብሏል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሁለት ዓመት ተኩል ልጄ ሽፋ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል፣ ራስጌው ደግሞ እኔ የላክሁት የትኩሳት ሽሮፕ ቆሟል። እኔን ያስፈራኝ ያ ጠርሙስ ነው። ልጄን አድንበታለሁ ብዬ የላክሁት ነገር ልጄን እንዳይጎዳብኝ ነው የምፈራው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አንቺ ዘይባ እላለሁ ራሴን፣ ማን ቸኩይ አለሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተሻል። ነርስነት ልማር ከመጣሁ ገና በሦስተኛው ወር ነው ጠርሙሱን የገዛሁት፣ ቋንቋው እንኳ ምላሴ ላይ ሳይላላ። ሳጥኑን ስከፍተው ከጠርሙሱ ጎን አንዲት ነጭ የላስቲክ ማንኪያ ተጋድማለች፣ የአሻንጉሊት እቃ የምታክል። አፈርኩ፣ ወላሂ አፈርኩ። ሃሊማ ቤት እኮ ሰባት የቀንድ ማንኪያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ የእናታችን ነው፣ በቅቤ ታሽቶ የሚያበራ፣ ለክቡር እንግዳ ካልሆነ የማይወርድ። ሰው አገር ሄዳ ለልጇ የላስቲክ ማንኪያ ላከች ሊሉኝ ነው? አወጣኋትና መሳቢያዬ ውስጥ ወረወርኳት። ከዚያ ወረቀት አነሳሁ፣ እንደ ሐኪም ሆኜ ጻፍኩ፤ ትኩሳት ሲይዘው አንድ ማንኪያ፣ በየአራት ሰዓቱ። በምን ማንኪያ አላልኩ፣ ስንቴ ሰጥታችሁ አቁሙ አላልኩ። ጽሕፈቴ ግን ያምር ነበር።

ትናንት ማታ አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ወደ ሕፃናት ክፍላችን መጣች። ልጅቷ ሦስት ዓመት አይሆናትም፣ ጉንጯ ቀልቷል፣ ትስቃለች፣ ምንም የሆነች አትመስልም። እናትየው ያንኑ የትኩሳት ሽሮፕ በሾርባ ማንኪያ ነው የሰጠኋት አለችና አለቀሰች። የክፍሉ አለቃ ሲስተር ሂልደ አልተቆጣቻትም፣ እኔ ትቆጣታለች ብዬ ነበር፤ ውኃ አመጣች፣ የመድኃኒቱን ትንሽ ማንኪያ እየሞላች የሾርባ ማንኪያው ላይ ገለበጠች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሁንም ሊሞላ ትንሽ ቀረው። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። የእናታችን የቀንድ ማንኪያ አየር ላይ ተንጠልጥሎ መጣብኝ፣ ጎድጓዳው፣ አፉ ሰፊው፣ አንድ ጉርሻ ክትፎ ከነቅቤው የሚይዘው። ትሪውን አስቀመጥኩ። ሲስተር ሂልደ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ በተሰበረ ቋንቋዬ ነገርኳት፤ የማንኪያውን ስፋት በእጄ ሠርቼ አሳየኋት።

እሷ ነች ሁሉን ያስረዳችኝ። መድኃኒቱ በልኩ ሲሰጥ ደግ ነው፣ ሲበዛ ጉበት ይበላል፣ ክፋቱ ደግሞ ቶሎ አይናገርም፤ ልጁ የመጀመሪያ ቀን ይጫወታል፣ ይበላል፣ ዳነ ትያለሽ፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነው ጉዱ የሚወጣው። ስንት ኪሎ ነው ልጅሽ አለችኝ። እዚህ በዓመቱ አይሰጡም፣ በኪሎው ነው። በጥቅምት የተመዘነውን አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል አልኳት። አንዱን ጥያቄዋን ስመልስ ደስ አለኝ፣ የመዘነው ወልደማርያም ይመስገን። ወረቀት ላይ ደማመረችና አንድ ትንሽ ማንኪያ በአንድ ጊዜ፣ በቀን ከአራት ጊዜ አይለፍ አለች። እስከ ዛሬ ከገባለት ጠቅላላው ከአሥር ትንሽ ማንኪያ ካለፈ ሳይውል ሳያድር ትልቅ ሆስፒታል። አሥር። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ስሰግድም አሥር፣ ደረጃ ስወጣም አሥር ነው የምለው። እንዲያው አንዱ ቀንድ ማንኪያ ብቻውን ስንቱን ይውጥ ይሆን።

ወልደማርያም የቡታጅራው ክሊኒክ ድሬሰር ነው፣ ቁስል የሚያጥብ መርፌ የሚወጋ፣ ከጎጃም መጥቶ እዚያው የከረመ፣ እኔን ከወለል ጠራጊነት አንስቶ መርፌ መቀቀል ያስተማረኝ። በገበያ ቀን ከበርበሬ ነጋዴዎች ሚዛን ይዋስና ልጆቹን በእንጨት ሳጥን አስቀምጦ ይመዝናል፤ ልጁ በበርበሬው ሽታ ያስነጥሳል፣ ኪሎው ይዘላል፣ ወልደማርያም እስኪረጋ ይጠብቃል። አይቸኩልም። ስንቱን እናት አስፕሮ ክኒን ለልጅ ሩቡን እንጂ ሙሉውን አይደለም ብሎ ሲለምን አይቼዋለሁ። አንቺ ልጅ ይለኛል፣ መድኃኒት በርበሬ ነው፤ ሲያንስ አይጥምም፣ ሲበዛ ያንገበግባል። አሁን ያን ቃል እየሰማሁ ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ የሚናገር ይመስለኛል። ምነው ያኔ ጽሑፌን ለእሱ አሳዩት ብዬ በጨመርኩ። አንድ መስመር እኮ ነበር።

ሃሊማ ከሁለት ሳምንት በፊት ያስጻፈችው ደብዳቤ ትራሴ ሥር ነው። ሽፋን ሳል ጀምሮታል፣ ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ ግን አትስጊ፣ መድኃኒትሽ ከስንት ወር በኋላ ሙስተፋ ሱቅ ደርሷል፣ ለአረፋ ይዞት ይገባል ይላል። ሙስተፋ ባሏ ነው፣ አዲስ አበባ በርበሬ ይነግዳል። ለአረፋ ያልገባ ሰው የእኛ ሰው አይባልም፣ ስለዚህ ትናንት ገብቷል፣ ጠርሙሱም ገብቷል፣ ጽሑፌም ተነብቧል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንድ ማንኪያ ብዬ ጽፌያለሁ፣ አንድ ማንኪያ ይሰጣሉ። ደግሞ ሙስተፋ ብቻ ቢሆን መልካም። እኛ ዘንድ የታመመ ልጅ ወዳለበት ባዶ እጅ አይገባም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አጎት ሁሉ ኪሱ ውስጥ አስፕሮ አለ፣ አንዱ ሲሰጥ ሌላው የእኔስ ለምን ቀረ ይላል፣ ከዘመድ እጅ የመጣ መመለስ ነውር ነው። ያ ሁሉ ፍቅር በአንድ ትንሽ ሆድ ውስጥ ይገባል።

ልፈርድባቸው ግን አልችልም። ትኩሳትን እንዴት እንደምንፈራ እኔ አውቃለሁ። የሽፋ አባት ሀቢቡ ከወልቂጤ ወዲያ ጊቤ ቆላ ለንግድ ወርዶ ወባ ይዞት አተኮሰው፣ በሰው ጀርባ ተሸክመውት ሲገቡ ገላው እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ሦስት ቀን አልቆየም። ያኔ ሽፋ ጡት ላይ ነበር። ስለዚህ ሃሊማ የልጁን ግንባር በነካች ቁጥር የምትነካው ሀቢቡን ነው፣ ታዲያ መድኃኒት በእጇ እያለ እንዴት ትሰስት? እኔም ብሆን አልሰስትም ነበር። እኔ ግን የለሁም። በጋቢ ጠቅልለውት፣ በሩን ከነፋስ ዘግተው፣ ቅቤ አናቱ ላይ አድርገው፣ ላብ በላብ ሆኖ ይታየኛል፤ እጄን ልሰድ እላለሁ፣ እጄ የሚያገኘው የማሞቂያውን ብረት ነው፣ እሱም ቀዝቃዛ ነው።

አንድ ዓመት ሞላኝ። በሄድኩ ቀን ሽፋ ተኝቶ ነበር፣ ሲነቃ ካየሁት አልሄድም ብዬ በተኛበት ወጣሁ፤ ሃሊማ እኔ አለሁ፣ ሂጂ፣ የልጅሽን እንጀራ ይዘሽ ትመጫለሽ አለችኝ። አሁን እማ የሚላት እሷን ነው። ለኢድ ስደውል ስልኩን ጆሮው ላይ ብታደርግለት ፈርቶ ቀሚሷ ውስጥ ተደበቀ። ሃሊማ በማግስቱ አፍራ ደብዳቤ አስጻፈች፣ እናትህ ሌላ ናት ብለን እናስተምረዋለን የሚል። አታስተምሩት ብዬ ልመልስ ነበር፣ አልመለስኩም። ከልቤ አልነበረማ።

ቴሌግራም ልላክ ብዬም ነበር ዛሬ ንጋት ላይ። ሽሮፑን አትስጡ፣ ሁለት ቃል ነው። ግን እኛ ሰፈር ቴሌግራም መጣ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው፤ ሳይነበብ ለቅሶ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ማን ያነበዋል። ስለዚህ ስልክ። የእኛ በዓል በንጉሡ መንግሥት ዘንድ በዓል ስላልሆነ ስልክ ቤቱ ክፍት ነው፤ በዚህ ነገር ዕድሜ ልኬን ስናደድ ኖሬ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። አቶ አዳነ ደግ ሰው ነው። ሃሊማን ከነልጁ፣ ከነጠርሙሱ በላት ብዬዋለሁ፣ ምነው በበዓል ቀን አለኝ፣ ልጄ ነው አልኩት፣ ሌላ አልጠየቀኝም። እኔም የእኔን እቃ አዘጋጅቻለሁ፤ ሲስተር ሂልደ ያንኑ የሚመስል ባዶ ጠርሙስ ከክፍሉ ሰጥታኛለች፣ እስከ አንገቱ ውኃ ሞልቼዋለሁ፣ የላስቲክ ማንኪያዋን ከመሳቢያ አውጥቼ አጥቤያታለሁ፣ ባዶ ብርጭቆም አለኝ። ሳጥኗ ውስጥ ብተዋት ኖሮ ይኼኔ ሽፋ አፍ ውስጥ ነበረች።

ጮኸ። ኮሪዶር ላይ ያለው ስልክ ጮኸ፣ ጠርሙሱን፣ ማንኪያዋንና ብርጭቆውን ታቅፌ በካልሲዬ ሮጥኩ፣ ኮሪያዊቷ ጎረቤቴም እንደኔው የሌሊት ሠራተኛ ነች፣ ከእንቅልፏ ተነሥታ በሩን ከፍታ ቆማለች። የኦፕሬተሯ ድምፅ፣ ቀጥሎ አቶ አዳነ፣ ቀጥሎ የባሕር ዓይነት ጩኸት፣ ከሥሩ ደግሞ ሃሊማ። ዘይባዬ ደኅና ነሽ ወይ፣ ታመምሽ ወይ፣ እንኳን ለአረፋ አደረሰሽ እያለች ትጮኻለች፣ በጩኸቷ ልክ ድምፅዋ የሚደርስ መስሏት። በበዓል ቀን የታላቅ እህቴን ሰላምታ መሐሉ ላይ ቆረጥኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

«እትዬ፣ ሽሮፑን በምን ሰጠሽው?»

«በእናታችን ማንኪያ ነዋ። ካንቺ የመጣውን በሌላ በምን እሰጠዋለሁ?»

ስንቴ አልኳት። ትናንት ማታ ሙስተፋ እንደገባ አንዴ፣ ዛሬ ከሱብሂ ሰላት በኋላ አንዴ፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ያህሉን የሙስተፋ አዲስ ኮት ላይ ተፍቶበታል፣ ያጎታችን የሰይዶ አስፕሮም ነበር፣ ግማሽ ፍሬ በማር፣ አልመልስም ብላ ነው፣ ሦስተኛውን ማንኪያ እንግዶቹ ሲበሉ ልትሰጠው ስትል ነው የአቶ አዳነ ሰው በሩን የመታው። ጠርሙሱን ይዘሻል አልኩ፣ ይዤዋለሁ አለች። መስኮቱ ጋ ያዢው፣ ከአንገቱ ጀምረሽ ጣትሽን አጋድሚበት፣ ሽሮፑ እስካለበት ድረስ ስንት ጣት ጎደለ? ትለካለች። ከኋላዋ ሰው ያወራል፣ መኪና ጡሩምባ ይነፋል፣ ቡታጅራ ነው፣ ዋናው መንገድ ነው። ሁለት አለች። ደግመሽ ለኪ አልኳት። ሁለት ጣት፣ ልቅም ያለ።

የሃሊማ ጣት የእኔ ጣት ነው። ልጆች ሳለን አንድ የብር ቀለበት ነበረችን፣ አንድ ቀን እሷ አንድ ቀን እኔ እናደርጋት ነበር፣ ለማንም አትሰፋ ለማንም አትጠብ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ያዝኩት፣ ሁለት ጣቴን ጠርሙሴ አንገት ሥር አጋደምኩ፣ በጥፍሬ ምልክት አደረግሁ። ኮሪያዊቷ ምንም ሳትጠይቀኝ መጥታ ብርጭቆውን ያዘችልኝ። ቀዳሁ። አንድ ማንኪያ ወደ ብርጭቆው፣ ሁለት፣ ሦስት። ሃሊማ አለሽ ወይ ትላለች፣ አለሁ እላለሁ። አራት። አምስት። ውኃው ገና ከምልክቱ በላይ ነው። ስድስት። ሰባት ስል ጠብ አለ፣ ጠብታውን ቆጠርኩት። ስምንት። ወደ ብርሃኑ አነሳሁት፤ ውኃው ምልክቴ ላይ ተኝቷል።

ስምንት። ያውም የተፋው አለበት። ሦስተኛውን ብትጨምርበት አሥርን ያልፍ ነበር፣ ግን አልጨመረችም። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ጮክ ብዬ ይሆናል ያልኩት፣ ሃሊማ ደንግጣ ምንድን ነው ነገሩ አለች።

«ዘይባ፣ ጎዳሁት እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ።»

አልጎዳሽውም አልኳት። አንቺ ጽሑፉን ነው የተከተልሽ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ መድኃኒቱ የራሱ ማንኪያ ነበረው፣ የላስቲክ ስለሆነ ሰው ይስቅብኛል ብዬ አስቀረሁት። መስመሩ ተቆረጠ ስል አንድ ነገር ሰማሁ፣ ለካ እየሳቀች ነው፣ ወይም እያለቀሰች፣ ከሩቅ አይለይም። ይኼን ኩራት ከማን ወረስሽው አለችኝ፤ የእንጨትም ብትልኪ፣ የቅጠልም ብትልኪ ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር አለችኝ። ሳቅኩ። ዓይኔ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነበር።

ከዚያ ነገርኳት፣ አንድ በአንድ፣ እሷም እየደገመች። እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ሽሮፕ የለም፣ አስፕሮ የለም፣ አጎት ሰይዶ ቢቀየምም ይቀየም፣ ሁለት የትኩሳት መድኃኒት ባንድ ሆድ አይቀላቀልም። ጋቢውን አውልቂለት፣ በሩን ክፈቺው፣ ውኃና ወተት በትንሽ በትንሹ። አሁን ከዚህ ስትወጪ ቤት አትግቢ፣ ወደ ወልደማርያም ነው፤ ስምንት ትንሽ ማንኪያ ሽሮፕና ግማሽ አስፕሮ በዪው፣ እሱ ይገባዋል፣ ይመዝነው፣ ሦስት ቀን በየቀኑ ይየው። ቢያስመልሰው፣ ሆዱን በቀኝ በኩል አመመኝ ቢል፣ ዓይኑ ቢጫ ቢሆን፣ ሙስተፋ ያን ዕለቱን አዲስ አበባ ይዞት ይውጣ። የልኩን ማንኪያ ወልደማርያም ይሰጥሻል፣ አንዱን የሰጠሽበትን ሰዓት ሳታውቂ ሌላ አትስጪ፣ ጠርሙሱን ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጪው። ደግሞ ዋናው፣ ለሽፋ መድኃኒት የሚሰጥ እጅ አንድ ብቻ ይሁን፣ ያንቺ። ቤቱ በሰው ቢሞላ፣ ሙስተፋም ቢሆን፣ ሌላ ማንም አይስጠው። የእኔ ብቻ አለች፣ እንደ መሐላ።

የዚያን ጊዜ ሽፋ አለቀሰ። እስከዚያ እቅፏ ውስጥ ዝም ብሎ ነበር መሰለኝ። አቤት ለቅሶው፤ ደንዳና፣ የተናደደ፣ ሳንባው ሙሉ የሆነ ልጅ ለቅሶ። አቶ አዳነ ደቂቃው አልቋል ሲል ቀጥልልኝ አልኩት፣ ለቅሶውን ለመስማት ነው የቀጠልኩት፣ አላፍርበትም። ሃሊማ ና የኔ ጌታ፣ እናትህ ናት፣ አናግራት ብላ ስልኩን አስጠጋችለት። ትንፋሹን ሰማሁ። አፍንጫው ታፍኗል፣ ትንፋሹ በሽቦው ውስጥ ጆሮዬን ያሞቀኝ መሰለኝ። እማ አለ። አፌን ከፍቼ ወዬ ልል ነው፣ ወዬ የኔ ዓለም፣ እማ እንሂድ አለ ቀጠለና፣ ድምፁ ከስልኩ ዞሮ ወደ እሷ ሄደ።

ሃሊማ ስልኩን ቀማችው።

«ልጅ ነው ዘይባዬ፣ አያውቅም እኮ» አለችኝ።

«ያውቃል እንጂ እትዬ። ዝጊውና አንሺው።»

ዘጋችው። ስልኩን ለጥቂት ጊዜ ጆሮዬ ላይ አቆየሁት፣ ከዚያ ሰቀልኩት። ኮሪያዊቷ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆማለች፣ ስምንት ማንኪያ ውኃ ውስጡ አለ፣ የት ላድርገው ብላ አላወቀችም። ልጅሽ እንዴት ነው አለችኝ፣ በዚያ እኔም እሷም በማንችለው ቋንቋ። ከእናቱ ጋር ነው አልኳት።